እኔ ይቅርብኝ

ወይዘሮ ሩሐማ «አይ፣ እኔ ይቅርብኝ» ያሉት እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከሞጆ ወጣ ብሎ በሚገኘው የጠል የውሃ መናፈሻ ደጃፍ ነው። ቃሉን ለመናገር ሁለት ሰከንድ እንኳ አልፈጀባቸውም። ልጃቸው ናርዶስ ግን ለዚያች ቀን ዓመት ከሁለት ወር ወረፋ ጠብቃለች።

«ጨረስን!» አለች ናርዶስ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና። «በቃ ጨረስን! መኪና ውስጥ ምን ነበር ያልኩሽ እማዬ? ስንት ጊዜ ነው የነገርኩሽ?»

«ምን አጠፋሁ ደግሞ?»

ምን እንዳጠፉ አምባራቸው ላይ ታይቷል። በሩ ላይ ለእንግዳ ሁሉ የሚታሰረው አምባር ያሰረውን ሰው «ውሃ ይገባሉ ወይ?» ብሎ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ አንድ ጊዜ ብቻ። «አዎ» ያለ ሰው አምባሩ ሰማያዊ ይሆናል፤ ገንዳውም መንሸራተቻውም በሩን ይከፍትለታል። «አይ» ያለ ሰው ግራጫ ነው። ግራጫ ሰው ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ የሌላውን ፎጣ ይጠብቃል፣ ምሳውን ይበላል፣ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የናርዶስ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ያኔት፣ ጥያቄው ሳያልቅ ነበር «አዎ!» ብላ የጮኸችው። የናርዶስ ባል ሚልክያስም አላመነታም። ናርዶስ ራሷ «አዎ» ብላ ዞር ስትል ነው የእናቷን ድምፅ የሰማችው።

አገሩ ሁሉ በዚህ መተዳደር ከጀመረ ቆይቷል። የመጀመሪያ ቃል ደንብ ይባላል። አይ ያለ ሰው አይ ብሏል፤ ደግሞ መጠየቅ ጫና ነው፤ ጫና ደግሞ ያስቀጣል። ደንቡ ሲወጣ ያጨበጨበለት ሰው ብዙ ነበር፤ ቀን ከሌት በሚጎተጉት ሻጭና በሚለማመጥ ማሽን የተሰላቸ ሕዝብ ምን ያድርግ? ብቻ ያወጡት ሰዎች አንድም ቀን እንግዳ ሆነው ሰው ቤት የገቡ አይመስልም። የዛሬ ልጆች ገና መዋዕለ ሕፃናት ሳሉ የመጀመሪያ ቃላቸውን አጥርተው መናገር ይማራሉ። የወይዘሮ ሩሐማ ዘመን ሰው ግን «ብሉ» ሲሉት «በልቼ ነው የመጣሁት»፣ «ተቀመጡ» ሲሉት «አይ ልሄድ ነው» እያለ ያደገ ነው። አንዴ አይ ይባላል፤ ሁለቴ አይ ይባላል፤ በሦስተኛው ጋባዡ «በሞቴ» ሲል «እንግዲህ ካላችሁ» ተብሎ እጅ ይዘረጋል። አሁን ሁለተኛ የሚጠይቅ የለም። ወይዘሮ ሩሐማ ባለፈው ዓመት ብቻ ከሦስት ሠርግ ጦማቸውን ተመልሰዋል።

«እንዲያ አድርጎ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» አሉ፣ ግራጫ አምባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየሸፈኑ። «‹ክብርት እናታችን፣ ውሃው ተዘጋጅቶልዎታል፣ ይገባሉ ወይ?› አለኝ እኮ። በዚህ ትሕትና የጠየቀኝን አዎ ብዬ ልዝለልበት? ነውር አይደለም?»

«ሰው አይደለም እኮ እማዬ!»

«ታዲያ ለምን እንደ ሰው ያናግረኛል?»

ናርዶስ ግራጫውን አምባር ደግማ አየችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ «ለሚቀጥለው ዓመት ይሁና» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን ሐሙስ ወይዘሮ ሩሐማ ሰባ አምስት ይሞላቸዋል። ከሰባ አምስት በኋላ በጤና ደንቡ መሠረት ወደ ገንዳ መግባት የለም። ሌላ ውሃ ደግሞ የት አለ? እሳቸው ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው፤ ወንድሞቻቸው ተከትለዋቸው ዋኝተው አንድም ቀን አልደረሱባቸውም። ሐይቆቹ ከታጠሩ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ያዩት በቧንቧና በባልዲ ነው። የዛሬ ዓመት ከሁለት ወር፣ ያኔትን በባልዲ እያጠቡ ሳለ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው «አንዴ፣ አንዴ ብቻ ውሃ ቢሸከመኝ» አሉ። ናርዶስ በር ላይ ቆማ ሰማቻቸው። እናቷ ዕድሜ ልካቸውን አንድም ነገር ጠይቀው አያውቁም። ወረፋውን የያዘችው በዚያው ምሽት ነው።

ስለዚህ ዝም ብላ ልትቀመጥ አልቻለችም። ያኔትን ለሚልክያስ ሰጥታ እያለከለከች ወደ መረጃው መስኮት ሄደች።

መስኮቱ ላይ ሰው ነበር፤ ሥጋ ለባሽ፣ ስልሳ ዓመት የሚሆነው፣ ደረቱ ላይ «ጌድዮን» የሚል ስም የለጠፈ። ናርዶስ ሰው በማየቷ ብቻ ደስ አላት።

«ጋሼ ጌድዮን፣ እናቴ አይ ያለችው በይሉኝታ ነው» አለች።

«ይገባኛል።»

«በልቧ አዎ ነው ያለችው።»

«እሱም ይገባኛል፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። የልብ የሚጻፍበት ቦታ ግን እዚህ የለንም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ቃል ማንሳት ይቻላል። ማመልከቻ ይገባና ሠላሳ ቀን የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ከዚያ እንደ አዲስ ይጠየቃሉ።»

«ሐሙስ ሰባ አምስት ይሞላታል እኮ!»

ጌድዮን ስክሪኑን አየት አደረገ። «እንግዲያማ አይሆንም።»

«እርስዎ ራስዎ ቢጠይቋትስ? አንድ ጊዜ! አንድ ደቂቃ!»

«አይ ያለ ሰው ደግሜ ብጠይቅ ነገ እዚህ መስኮት ላይ አታገኚኝም፣ ልጄ። ያንን ሰውዬ አየሽው?» ጌድዮን መናፈሻውን ወደሚዞረው ቀጭን ቦይ አመለከታት። አንድ ወፈር ያለ ሰው ትልቅ ጎማ መካከል ተሰንቅሮ፣ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ በዝግታ እየተንሳፈፈ ይመጣል። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነው። ጎማው ይዞት መነሣት አቃተው። ጠባቂዎቹ ‹እንርዳዎ?› ሲሉት አፈረና ‹አይ፣ ደህና ነኝ› አላቸው። በቃ፤ ማታ ቦዩ እስኪደርቅ ይዞራል።»

ሰውየው በፊታቸው ሲያልፍ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸው። ግንባሩ በፀሐይ ቀልቷል። ናርዶስ ሰላምታውን መለሰችለት፤ ሌላ ምን ማድረግ ትችላለች?

ወደ እናቷ ስትመለስ ደሟ ፈልቶ ነበር። ወይዘሮ ሩሐማ ከባለ ማዕበሉ ገንዳ ፊት ለፊት፣ ከመስተዋት አጥሩ ወዲህ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የያኔትን ፎጣ እያጠፉ ይዘረጋሉ። ሕፃናቱ ማዕበሉ በመጣ ቁጥር ይጮሃሉ። ማዕበሉ ሲነሣ የወይዘሮ ሩሐማ ትከሻም አብሮ ከፍ ይላል። ሲወርድ ይወርዳል።

«እማዬ፣ እስቲ ለአምባሩ ራስሽ ንገሪው። ‹እፈልጋለሁ› በይው፣ ጮክ ብለሽ።»

«ተዪ ልጄ፣ ማየቱ ይበቃኛል።»

«አይበቃሽም!»

«ኧረ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! በሞቴ እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በይ!»

የናርዶስ አምባር ተንቀጠቀጠ። «ክብርት እንግዳችን፣ ሞትን የተመለከተ ቃል ሰምተናል። ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ዝም በል! እማዬ፣ አፈር ስሆን...»

«ክብርት እንግዳችን፣ መቀበርን የተመለከተ ቃል ሰምተናል። እባክዎ ባሉበት ይቆዩ።»

ነጭ የለበሱ ሁለት ወጣቶች ፈገግ እንዳሉ መጥተው፣ ክንዷን ሳይነኩ ግራና ቀኝ አጅበው፣ የእርጋታ ወንበር በሚባለው ላይ አስቀመጧት። ሃያ አምስት ደቂቃ የወፍ ድምፅ ማዳመጥ ግዴታዋ ነበር። የምን እርጋታ! በወንበሩ ተናደደች፣ በወፉ ተናደደች፣ ከሩቅ «ምን ሆነሽ ነው?» እያለ እጁን በሚያወናጭፈው ሚልክያስ ተናደደች። ከሁሉም ይልቅ በእናቷ ተናደደች። የሥጋውን ደህና ደህናውን ለሌላ እየገፉ፣ የፊት ወንበሩን ለሌላ እየለቀቁ፣ ሰው የሰጣቸውን ስጦታ ሳይፈቱ ለሌላ እየሰጡ ሰባ አራት ዓመት! እንዴት ሰው አንዲት አዎ ያቅተዋል?

እዚያ ወንበር ላይ ሳለች አንድ ሌላ «አይ» ትዝ አላት። አባቷ በሞቱ በአርባኛው ቀን፣ እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ «እማዬ፣ እኛ ጋ ነይና ኑሪ» ብላቸው ነበር። «አይ ልጄ፣ እኔ እዚሁ ደህና ነኝ» አሏት። እሷም «እሺ» አለች። እሺ ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች! ያን ቀን ቃላቸውን ያከበረች መስሏት ነበር፤ እንዲያውም ለጓደኞቿ በኩራት ተናግራለች። እነሆ አራት ዓመት፣ ወይዘሮ ሩሐማ በሦስት ክፍል ቤት ብቻቸውን ያመሻሉ። እጇ ላይ የሚያስጠነቅቃት አምባር አልነበረም፤ ያኔ ማንም አልከለከላትም። ራሷ ናት ሁለተኛ ያልጠየቀችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ለቀቋት። ምግብ ቤቱ ከገንዳው ማዶ ነው። ወደዚያ የሚወስደው የእንጨት መሻገሪያ ማዕበል በሌለበት በጥልቁ ጥግ ላይ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ በገመድ ብቻ የተከለለ ነው። ሲሻገሩ ወይዘሮ ሩሐማ መካከል ላይ ቆም ብለው ቁልቁል አዩ። ናርዶስ አየቻቸውና ፊቷን አዞረች።

«ተዪው በቃ፣ ነገሩን አታክርሪው» አለ ሚልክያስ ማዕዱ ላይ። «ልጅቷ እንኳ ትደሰት።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ሁለተኛ መጠየቅ ክልክል ነው» አለ ሚልክያስ ለማሳቅ ያህል። ማንም አልሳቀለትም።

«እማማ ለምን አዎ አላለችም?» አለች ያኔት አፏን በዳቦ ሞልታ። «እኔ እኮ አዎ አልኩ።»

«እማማ አርጅታለቻ፣ የኔ ቆንጆ» አሉ ወይዘሮ ሩሐማ፣ ዳቦ ሊጨምሩላት ጎንበስ እያሉ። ጎንበስ ሲሉ የቀሚሳቸው አንገት ገለል አለ። ከሥሩ አረንጓዴ ማሰሪያ ታየ።

ናርዶስ እጇን ሰድዳ ጨርቁን በጣቷ ነካችው። የዋና ልብስ ነው፤ የሱቁ ወረቀት እንኳ ከማሰሪያው ላይ አልተነቀለም።

«ይሄን መቼ ገዛሽው?»

«እንዲያው ዝም ብዬ ነው።»

«እማዬ፣ መቼ?»

ወይዘሮ ሩሐማ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ትከሻቸውን ሸፈኑ። «ወረፋውን ይዤልሻለሁ ያልሽኝ ሳምንት።»

ዓመት ከሁለት ወር ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ዛሬ በሌሊት ተነሥተው፣ ቀሚስ ደርበውበት፣ ለማንም ሳይናገሩ መጥተዋል። ናርዶስ ልታቅፋቸው ፈለገች፤ ከአፏ የወጣው ግን ቁጣ ነው።

«ታዲያ አዎ ማለት ምን ያቅታል? ምን ያቅታል እማዬ? ሁለት ፊደል እኮ ነው!»

«አልለመድኩትማ» አሉ ወይዘሮ ሩሐማ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ምግቡ ለማንም አልተዋጠም። ሲመለሱ ናርዶስ ከሚልክያስ ጋር እየተነታረከች ቀደመች። እሱ «ወደ ቤት እንሂድ» ይላል፤ እሷ «ማመልከቻውን ሳላስገባ አልሄድም» ትላለች፤ ያኔት በመካከላቸው «ገና አንዴ ነው የተንሸራተትኩት!» እያለች ታለቅሳለች። መሻገሪያውን ጨርሰው ነበር። ከኋላቸው ውሃው ቧ አለ።

ናርዶስ ዞረች። መሻገሪያው ላይ ሰው የለም። የእናቷ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ነጠላቸው በአራት ታጥፎ ላዩ ላይ አርፏል፤ ቀሚሳቸው ገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ያዳለጠው ሰው ጫማውን አያወልቅም።

የአደጋ ጩኸት መናፈሻውን አናወጠው። ማዕበሉ ቆመ፤ መንሸራተቻዎቹ ደረቁ። ከባልዲ ሌላ ውሃ ሳይነካቸው ሃያ ስምንት ዓመት የኖሩት ሴት ብቅ አሉ፣ ሳሉ፣ እንደገና ሰጠሙ። ናርዶስ ጮኸች። ሁለት ጠባቂዎች ሮጠው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሩሐማ ራሳቸውን ከውሃው አውጥተው ፀጉራቸውን ከዓይናቸው ላይ ገለል አደረጉ፤ እጃቸውም እንደ ድሮው መቅዘፍ ጀመረ።

ድምፁ ከየምሰሶው መጣ፤ እንደ ጠዋቱ ትሑት ነበር። «ክብርት እናታችን፣ ውሃ ውስጥ ወድቀዋል። እንዲወጡ እንርዳዎ ወይ?»

ገንዳው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ወይዘሮ ሩሐማ ወደ ምሰሶው ቀና ብለው፣ እንደ ጨዋ እንግዳ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

«አይ» አሉ። «እኔ ይቅርብኝ። እናንተም አትቸገሩ።»

ጠባቂዎቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እያሉ ከውሃው ወጡ። ደግሞ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ጌድዮን መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አስግጎ አየና፣ ፈጠን ብሎ መጋረጃውን ዘጋ።

ወይዘሮ ሩሐማ አርባ ደቂቃ ዋኙ። ሌላ ሰው በሌለበት ገንዳ ከዳር እስከ ዳር ሄደው ተመለሱ። ሲደክማቸው በጀርባቸው ተኙ፤ ውሃው ተሸከማቸው። ናርዶስ ዳር ላይ ቁጢጥ ብላ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትስቃለች፤ ንዴቷ ግን አልወጣላትም። ይህችን ለማግኘት ሰው እንደ ሌባ መዝለል ነበረበት? በቦዩ በኩል ያ ሰውዬ በጎማው ሲያልፍ ሁለት እጁን አውጥቶ አጨበጨበ፤ ዞሮ ሲመጣ እንደገና አጨበጨበ።

በመጨረሻ በራሳቸው ጊዜ፣ በደረጃው፣ እየተንቀጠቀጡ ወጡ።

«ክብርት እናታችን፣ ፎጣ ይፈልጋሉ?» አለ ድምፁ።

ወይዘሮ ሩሐማ አፋቸውን ከፈቱ። «አዎ! ትፈልጋለች!» ብላ ያኔት ቀደመቻቸው።

አምባር የሚፈታው መውጫው በር ላይ ነው። ወደዚያ ሲሄዱ ናርዶስ የእናቷን ክንድ ያዘች። ቀዝቅዘዋል፣ ግን ፊታቸው በርቷል።

«እማዬ፣ እኛ ጋ ነይና ኑሪ።»

አምባሯ ተናገረ። «በመጀመሪያ ቃል መዝገብ መሠረት፣ ይህ ጥያቄ ከአራት ዓመት በፊት ቀርቦ ምላሽ አግኝቷል። ምላሹ ‹አይ› የሚል ነው።»

«አይ ልጄ፣ እኔ እዚያው ደህና ነኝ» አሉ ወይዘሮ ሩሐማ።

«አይደለሽም። ነይ፣ አብረን እንኑር።»

«ማስጠንቀቂያ» አለ አምባሩ። «ጥያቄው ከአሁን በኋላ አንድ ጊዜ ከተደገመ ጫና ይሆናል። ቤተሰቡ ለሦስት ዓመት ከመናፈሻው ይታገዳል።»

ያኔት «ሦስት ዓመት!» ብላ አፏን ያዘች። ናርዶስ ወደ ሚልክያስ ዞረች። እሱ ልጅቷን አየ፣ ከፀጉራቸው ውሃ የሚንጠባጠበውን አማቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጠይቂያት እንጂ» አለ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ቦታ አጣብብባችኋለሁ» አሉ ወይዘሮ ሩሐማ መሬት መሬት እያዩ። «ቤታችሁ ጠባብ ነው። ልጅቷም ማጥናት አለባት...»

«በሞቴ እማዬ» አለች ናርዶስ። «አፈር ስሆን። ነይ።»

የአራቱም አምባር ባንዴ ቀላ፤ መውጫው በር በራሱ ጊዜ ወለል ብሎ ተከፈተና እንዲወጡ ጮኸባቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወይዘሮ ሩሐማ ፀጉራቸው ያራሰውን የነጠላቸውን ጫፍ ጨምቀው ውሃውን አፈሰሱ፤ አንድ ጊዜ የልጃቸውን ፊት አዩ።

«እንግዲህ ካልሽ» አሉ።